ደም ያልታየባት ኮዋላ

ይህ ነገር ከገጠመኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቅጠል ረግፎ መንገዱን የሞላበት፣ ጀምበር በጊዜ መጥለቅ የጀመረችበት ወቅት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የመኪናዬን ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ በየጠዋቱ እረሳለሁ። ያቺን ቀን ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደቂቃ በደቂቃ አስታውሳታለሁ። አንድ ሰው ሊድን ይችል የነበረበትን ሰዓት በገዛ እጄ አባክኛለሁ። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ይሉኛል። ይሁን፤ ቀናቸው ሲደርስ ግን አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ በየቤቱ እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ እዚህ አገር ሆም ኬር ይሉታል። ያን ጊዜ የምሠራው ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ኤድና ከሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሴት ቤት ነበር። እኔ እማማ ኤድና እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ አስናቀች ማለት ቢያቅታቸው ስሜን ከመሃል ቆርጠው «አስና» አሉኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ በዐሥር ሰዓት እወጣለሁ። ማታ ብቻቸውን ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል፣ አደጋ ሲደርስ የሚጫኑት ቁልፍ አላቸው።

እማማ ኤድና አውስትራሊያ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ባላቸው አሜሪካዊ ስለነበሩ በስተርጅና እዚህ መጡ። ባላቸው ሞቱ፤ ኮሊን የሚባለው አንድ ልጃቸው በአውሮፕላን አምስት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ነው የሚኖረው። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና ቢስኪት የሚባል ጥጃ የሚያህል ያረጀ ውሻ ነበሩ።

እውነቱን ለመናገር ቢስኪትን አልወደውም ነበር። ባደግኩበት ቤት ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው። ይሄኛው ሶፋ ላይ ተጋድሞ እኔ ወለል ስወለውል እንደ አሠሪ ያየኛል። እሱም አይወደኝም። በየጠዋቱ በር ስከፍት ሌባ የገባ ይመስል ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል። «ዓመት ሙሉ እያየኸኝ አሁንም አታውቀኝም?» እለዋለሁ በአማርኛ። እማማ ኤድና ይስቃሉ።

እማማ ኤድና በወጣትነታቸው ኮዋላ ያሳድጉ ነበር። እናታቸው በመኪና የተገጨችባቸውን ወይም ጫካቸው የተቃጠለባቸውን ግልገሎች ቤታቸው ወስደው፣ በጡጦ ወተት አጠጥተው፣ ሲጠነክሩ ወደ ዛፋቸው የሚመልሱ በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። ኮዋላን ለማታውቁ፣ ድብ የሚመስል ግን ድብ ያልሆነ፣ ግራጫ፣ ጆሮው ጸጉራም የሆነ እንስሳ ነው። ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። የሚበላውን ሲነግሩኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ባሕር ዛፍ!

«እኛ እኮ ቅጠሉን አፍልተን ለጉንፋን የምንታጠንበት ነው» አልኳቸው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ?»

«ሞልቶ!»

«ኮዋላስ?»

«ኮዋላ የለም።»

«ያን ሁሉ ዛፍ እንዲያው በከንቱ!» አሉና ከልባቸው አዘኑ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጅ ሆንን። ምሳ ካበላኋቸው በኋላ ታብሌታቸውን ከፍተው የኮዋላ ቪዲዮ ያሳዩኛል። በቀን እስከ ሃያ ሰዓት እንደሚተኛ ሲነግሩኝ «የቀድሞ ባሌ ዘመድ ነው» አልኳቸው። በዚህ ግን ተቆጡ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም አሉ፤ ቅጠሉ መርዛም ስለሆነ እሱን ለመፍጨት አቅሙ ሁሉ ያልቅበታል። ግንዱን ጥምጥም አድርጎ የሚያቅፈውም ፍቅር ይዞት አይደለም፤ ዛፉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን እያበረደ ነው። «ሰዎች ኮዋላን ሲያዩ የራሳቸውን ስሜት ነው የሚያዩት» ይሉ ነበር።

ከሌሎች እንስሳት ጋር ስላለው ነገርም ብዙ ነግረውኛል። ወዳጅ የሚባል አያውቅም። ሌላ ኮዋላ እንኳ ዛፉ ላይ ሲወጣበት ያጉረመርማል፤ ወንዱ ሲጮህ ድምፁ የትልቅ አሳማ ነው። ግን ጠበኛም አይደለም። ወፎች ለጎጇቸው የሚሆን ጸጉር ከጀርባው ሲነጩለት ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያያቸውና መልሶ ይተኛል። በጎች በሚግጡበት ሜዳ መሃል ቀስ ብሎ አቋርጦ ይሄዳል። መከራው ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመዛወር መሬት ሲወርድ ነው። መሬት ላይ መኪና አለ፣ ውሻ አለ።

«ውሻ ሲመጣበት ብዙውን ጊዜ አይሮጥም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቢስኪትን እያሻሹ። «ቁጭ ብሎ ያየዋል። ምን እንደመጣበት አይገባውም።»

እንግዲህ የቤታችን ኑሮ ይህ ነበር። አንድ ፍርሃት ግን ሁልጊዜ ነበረን። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እማማ ኤድና በቢስኪት ተደናቅፈው ወድቀው የእጃቸው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ያኔ ኮሊን በርሮ መጣና እኔ ባለሁበት ነገራቸው፤ «ማም፣ ሁለተኛ ከወደቅሽ ውሻው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ አንቺም ነርሲንግ ሆም ትገቢያለሽ። ይሄ የመጨረሻዬ ነው።» ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያውን ነው። ኮሊን ክፉ ልጅ አይደለም። ሩቅ ስለሚኖር ይፈራል። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከሞት ይልቅ መውደቅን መፍራት ጀመሩ።

ያን ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል አጃ እያፈላሁላቸው ሳለሁ ከኋላዬ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እማማ ኤድና በጎናቸው ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ቢስኪት የወጥ ቤቱ በር ላይ ተዘርግቶ ተኝቶ ነበር፤ ተነሥቶ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ከቶ ያያቸዋል።

የሥራችን ደንብ ግልጽ ነው። የወደቀ ሰው አይነሣም። አትንኩት፣ የአደጋ ጊዜ ስልኩን ናይን ዋን ዋን ደውሉ፣ ለቀጠራችሁ ቢሮ አሳውቁ። ኮርስ ወስጄበታለሁ፣ ፈተናውንም አልፌዋለሁ። ግን ሰውነቴ ኮርስ አልወሰደም። «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሳላስበው ሁለት እጆቼ ብብታቸው ሥር ገብተዋል። ባደግኩበት አገር አሮጊት ወድቃ እያየ የሚቆም ሰው አረመኔ ነው። የወደቀ ይነሣል፣ ይታሻል፣ ልብሱ ይራገፋል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ብድግ አድርጌ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ዳሌያቸውን አሸሁ። ጸጉራቸውን እየገለጥኩ ጭንቅላታቸውን አየሁ። እብጠት የለም፣ ጭረት የለም፣ ጠብታ ደም የለም።

«እንደ ላባ አነሣሽኝ» አሉና ፈገግ አሉ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋና እጄን ያዙኝ። ጣታቸው በረዶ ነበር። «አስና፣ ለኮሊን አትንገሪው። ለቢሮሽም አትንገሪ። ቢስኪትን ይወስዱብኛል።»

«እማማ፣ ቢያንስ ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ። አየሽኝ አይደል? ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። ፈረንጅ ቃል ግቢልኝ ሲል ምን ያህል እንደሚከብደው አላውቅም። እኔ ግን በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት እጄን ይዛ ስትለምነኝ የሰማሁት አደራ ነው። አደራ በላ መባልን የመሰለ ስድብ በቤታችን አልነበረም። አባቴ የጎረቤት አደራ ዶሮ በታመመች ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ነው። እና ያቺን አንዲት ቃል ይዤ፣ ሴትዮዋን ረሳሁ።

አጃውን አበላኋቸው። ከአጃው ጋር ደማቸው እንዳይረጋ በየቀኑ የሚወስዱትን ኪኒን ሰጠኋቸው። ያንን ኪኒን የሚወስድ ሰው ከወደቀ ምንም ባይታይበት እንኳ ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለበት ያ ኮርስ አስተምሮኝ ነበር። አውቀው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ትዝ ያለኝ አደራው ብቻ ነው።

አምስት ሰዓት አካባቢ ታብሌታቸውን አቀበልኳቸው። «ዛሬ ይቅር፣ ራሴን ከበድ ብሎኛል» አሉ። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ ብለው ጀመሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ዶቲ የምትባል ኮዋላ ያሳድጉ ነበር። ጀርባቸው ላይ ተጣብቃ ነበር የምትውለው፤ ልብስ ሲያጥቡም፣ ምግብ ሲሠሩም አትወርድም። አንድ ቀን ለአፍታ መሬት ላይ ቢያስቀምጧት የቤቱ ውሻ መጥቶ አነሣት። ሮጠው ከአፉ አስጣሏት።

«ጸጉሯን እየገለጥኩ እያንዳንዱን ቦታ አየሁ» አሉ። ዓይናቸው ከበድ ከበድ ይላል። «ጠብታ ደም አልነበረም። ቅጠል ስሰጣት ከእጄ ተቀብላ በላች። ከዚያ… ከዚያ እኔ…»

እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እማማ ኤድና የጀመሩትን ታሪክ ሳይጨርሱ ሲቀሩ አይቼ አላውቅም። ስልክ ቢደወል እንኳ «ቆይ ልጨርስ» ብለው የሚያስጠብቁ ሰው ናቸው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ከድንጋጤ በኋላ እንቅልፍ መድኃኒት ነው ብዬ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው። ምሳ ሲደርስ ቀሰቀስኳቸው፤ ሁለት ማንኪያ በልተው ተመልሰው ተኙ። «ዛሬስ እርስዎም ኮዋላ ሆኑ» ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ። ቀልዴን ሰምተው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ትከሻቸውን ነካሁ። «እማማ፣ ልሄድ ነው። አልጋዎ ላይ ላስተኛዎት?» ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ደህና ነኝ፣ ሂጂ» አሉ። ምላሳቸው የተሳሰረ ይመስል ነበር። የሰው ምላስ ከእንቅልፉ ሲነቃ ይተሳሰራል አልኩ ለራሴ። ሥራ ስንጨርስ ስልካችን ላይ የምንሞላው ፎርም አለ። አንዱ ጥያቄ «ታካሚዎ ዛሬ ወድቀዋል?» ይላል። «ኖ» የሚለውን ተጫንኩና ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ከልጄ ከሳሮን ጋር እራት ቀረብን። ሳሮን ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሌላ ጊዜ ስለ ሥራዬ አትጠይቅም፤ የእማማ ኤድናን ኮዋላዎች ግን ትወዳቸዋለች። አወዳደቃቸውን ነገርኳት፤ እንዴት ብድግ እንዳደረግኳቸው እየተኩራራሁ ነው የነገርኳት። ቀኑን ሙሉ ተኝተው መዋላቸውንም ነግሬ፣ የዶቲን ነገር ተረኩላት።

«ሶ፣ ኮዋላዋ ምን ሆነች?» አለችኝ።

«አላውቅም። ሳይጨርሱት ተኙ።»

ስልኳን አንሥታ መፈለግ ጀመረች። ጥቂት አነበበችና ማኘኳን አቆመች።

«ማም… ውሻ ሲይዛቸው ውጪያቸው ላይ ምንም አይታይም ይላል። ጸጉራቸው ቲክ፣ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ። ውስጣቸው ነው ዳሜጅ የሚሆነው። ኖርማል መስለው ቁጭ ይሉና፣ ከዛ በኋላ ነው…» ቀና ብላ አየችኝ። «ሚስስ ኤድና ቀኑን ሙሉ ተኛች ነው ያልሽኝ?»

ስልኬን አንሥቼ ደወልኩላቸው፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ ይጠራል።

«ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ!» አለች ሳሮን ተነሥታ።

አሁን የምጽፈውን ከኮሊንና ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። አልደወልኩም። «መጀመሪያ ሄጄ በዓይኔ ልያቸው» አልኩ። ምናልባት ተኝተው ብቻ ቢሆንስ? አምቡላንስ ልኬባቸው፣ ኮሊን ሰምቶ፣ ውሻው ተወስዶ፣ እሳቸው ነርሲንግ ሆም ቢገቡ አደራውን በላሁ ማለት አይደል? ይህ አንዱ ሐሳቤ ነው። ሌላውም አለ፤ ያ «ኖ» ብዬ የተጫንኩት ነገር እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። የትኛው ይበልጥ እንደነበር ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ፣ መልሱን ግን አልወደውም።

ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ነው። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል። ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቀይ መብራቱን አብርቶ ተደርድሯል። ሳሮን አጠገቤ ናት። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልትደውል ስልኳን አነሣች። ሁለቱንም ጊዜ እጇን ያዝኩት። ሌላ ቀን ብትሆን ትጮህብኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን።

በሩን ስከፍት ቢስኪት አልጮኸም። ሮጬ ገባሁ።

እማማ ኤድና ትቻቸው በሄድኩበት ወንበር ላይ፣ ባለበስኳቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ናቸው። ያንኮራፋሉ፤ የእንቅልፍ ማንኮራፋት አይደለም። ውሻው አገጩን ጉልበታቸው ላይ አድርጎ ቆሟል። ጠራኋቸው፣ ነቀነቅኳቸው፣ ፊታቸውን ዳበስኩ። ምንም የለም። ሳሮን በዚህ ጊዜ እኔን አልጠየቀችም፣ ደወለች።

አምቡላንሱ በስድስት ደቂቃ ደረሰ። ስድስት ደቂቃ። ሰውዬው እየሠራ «ወድቀዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

ሰዓቱን አየ። ሥራውን ቀጠለ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደዋለ ነገረችን። ቀስ ብሎ፣ ሳይታይ፣ ሰዓታት ሙሉ። በዕድሜያቸውም በሚወስዱት ኪኒንም ምክንያት ቀዶ ጥገናው አሁን አይሆንም አለች። «ጠዋት ቢመጡስ ኖሮ?» አልኳት። «ሊረዳ ይችል ነበር። ላይረዳም ይችል ነበር» አለች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ከሁለቱ ቃል የምሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ኮሊን በማግሥቱ ደረሰ። ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ አቁሜ ሁሉንም ነገርኩት። ማንሣቴን፣ ኪኒኑን፣ ቃል መግባቴን፣ ፎርሙን፣ በመኪና መምጣቴንም ጭምር። በእንግሊዝኛ ሲነገር ሁሉም ነገር እንዴት አጭር ሆነ! እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ብሰደብ ይቀለኝ ነበር።

እሱ ግን «ከወደቀች በኋላ ምን አወራችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ውሻ ስለያዛት ኮዋላ እየነገሩኝ ነበር። ዶቲ ስለምትባለው።»

ኮሊን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ልጅ መሰለ።

«ውሻው የእኔ ነበር» አለኝ። «ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ዶቲን ወዲያው ሐኪም ጋ መውሰድ ነበረባት። ከወሰደቻት ግን የማን ውሻ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ውሻዬን ይገድሉብኛል ብዬ አለቀስኩ። እግሯን ይዤ ቃል አስገባኋት። ቃሏን ጠበቀች። ዶቲ ሁለት ቀን ቅጠሏን እየበላች፣ እየተኛች ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጀርባ ላይ እንደተጣበቀች ሞተች። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ለረጅም ሰዓት አላወቀችም።»

ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ «ያንን ታሪክ ለማንም ጨርሳ ተናግራ አታውቅም» አለኝ።

እማማ ኤድና በአራተኛው ቀን ዐረፉ። ቢስኪትን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ይል የነበረው ኮሊን ራሱ ይዞት ሄደ። እኔን ቢሮው አሰናበተኝ፤ እውነታቸውን ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ስናዘዝ «ልጄ፣ ነፍስ የሚያጠፋ አደራ አደራ አይደለም» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ስለ አደራ ሲያስተምሩኝ ይህቺን አንድ ነገር ለምን ወደኋላ እንዳስቀሯት እንጃ።

አንድ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ አይለቀኝም። እማማ ኤድና ያን ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ያንን ታሪክ ለምን ጀመሩት? ወሬ ለማብዛት ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ራሳቸው ሲከብዳቸው ነገሩ ገብቷቸው፣ ከገባሁት ቃል ሊፈቱኝ ፈልገው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። በቀጥታ ማለት ከብዷቸው፣ በዶቲ በኩል እየመጡ ነበር ይሆናል። እንቅልፉ ቀደማቸው። እኔም ብርድ ልብስ አለበስኳቸው።

ዛሬ ጀርመንታውን ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው ቤት እሠራለሁ። አባባ ተሰማ ይባላሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ከአልጋቸው ሲወርዱ ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ደወልኩ። ከዚያ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«አንሺኝ እንጂ ልጄ!»

«አይነሡም፣ አባባ። አምቡላንስ እየመጣ ነው።»

«ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ! ሰው ወድቆ ታያለሽ? እናት አላሳደገችሽም?»

«አሳድጋኛለች፣ አባባ።»

«እባክሽ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምንሻለሁ!»

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የከበደችኝ የለችም። እጆቼ በራሳቸው አንሺ፣ አንሺ ይሉኛል። በአንዱ እጄ እጃቸውን፣ በሌላው የምንጣፉን ጠርዝ ጨብጬ እያለቀስኩ ጠበቅኩ። እሳቸው እየለመኑ፣ ከዚያ እየረገሙኝ ጠበቁ።

ሆስፒታል ተመረመሩ፤ አንዲት ነገር አልሆኑም። ሲመለሱ ግን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ፣ እንደ ወደቀ ግንድ ተጋድመው ሳሉ ቁጭ ብላ ያየቻቸው ሴት ቤታቸው እንዳለች ተናገሩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶች ያዩኛል፤ ስሜን አያውቁትም፣ ታሪኬን ግን ያውቁታል። አላስረዳቸውም። ጠዋት ስገባ አባባ ተሰማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩና «መጣሽ፣ አንቺ ልበ ድንጋይ?» ይሉኛል። ይበሉኝ። ቂማቸውን እንደያዙ ይኸው ሁለት ዓመት ኖሩ።